ቼናይ፦ አዛብቼ የተረጎምኩት አንድ ንግግር

ከአዲስ አበባ ሙምባይ፣ ከዚያ ደቡብ ሕንድ፣ ቼናይ። ስለ በረራው የምለው የለኝም፤ ባለቤቴ ተኛ፣ እኔ የምርመራ ውጤቱን ጭኔ ላይ ታቅፌ ነጋልኝ። ቤተሰቡ ሁሉ «ያ በሽታ» እያለ የሸኘን ሰዎች ነን።

ያረፍነው ታውዘንድ ላይትስ የሚባለው ሰፈር፣ አስታማሚ የሞላበት ሎጅ ውስጥ ነው። የመጀመሪያዋን ሌሊት አልረሳትም። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፣ ማራገቢያው ቆመ። የግንቦት ሙቀት ነው። በራጁ ፖስታ ሳራግብለት አደርኩ።

በማግስቱ ባሕር እንይ ብለን ማሪና ሄድን። ባለ ባጃጁ 350 ሩፒ ተቀበለን፤ የሎጁ ዘበኛ ግን መቶ ይበቃው ነበር አለን። የገንዘቡ ነገር አይደለም ያናደደኝ። በባለቤቴ እጅ ላይ ያለውን የሆስፒታል መለያ እያየ ነው የጠየቀን። የታመመ ሰው እንዴት አያሳዝንም?

ያን ንዴት ያስረሱኝ ማዱራይ ከሚባል ከተማ ልጃቸውን ሊያስታምሙ የመጡ እናት ናቸው። «አማ በሉኝ» አሉን፤ በአገሬው ቋንቋ በታሚል እናት ማለት ነው፣ ከእኛ «እማ» ምን ያህል ይርቃል? ባገኙን ቁጥር «ሳፕቲንጋላ?» ይላሉ፣ በላችሁ ወይ ነው። ዶሳ አምጥተው ሰጡን፤ እንደ እንጀራ የቦካ፣ ኮምጠጥ ያለ ነው። ምግብ ሲያይ ፊቱን ያዞር የነበረው ባሌ ሁለት በላ። ጉሮሮዬን እንባ ያዘኝ።

በሦስተኛው ምሽት እንግዳ መቀበያው ቴሌቪዥን ላይ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር፤ «ነንጂል ኦር አላያም»፣ በልብ ውስጥ ያለ ቤተ መቅደስ። ሲ. ቪ. ስሪዳር በ1962 እ.ኤ.አ. የሠራው ነው። በዓመቱ በሂንዲም ተሠርቷል። ታሪኩ ከሞላ ጎደል አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነው የሚያልቀው። አንዲት ሴት ካንሰር የያዘውን ባሏን ይዛ ትመጣለች፤ ሐኪሙ ደግሞ ድሮ የምትወደው ሰው ሆኖ ይገኛል። አማ በእንግሊዝኛ በጆሮዬ ያንሾካሹኩልኛል፣ እኔ ለባለቤቴ በአማርኛ አቀብላለሁ።

ሕመምተኛው ሚስቱን አልጋው አጠገብ አስቀምጦ፣ እኔ ብሞት ሐኪሙን አግቢ አላት።

«ምን አላት?» አለኝ ባለቤቴ።

«አይዞሽ እድናለሁ አላት።»

ሴትየዋ መዝፈን ጀመረች፤ ድምፁ የዘፋኟ የፒ. ሱሺላ ነው። ይህን ያልከው አንተ ነህ ወይ እያለች በዜማ ትጠይቀዋለች። እንባዋ ይወርዳል። ባለቤቴ ከቴሌቪዥኑ ዓይኑን ሳይነቅል፣

«እድናለሁ ላላት ነው እንዲህ የምታለቅሰው?» አለ።

ዝም አልኩ። ከዚያ እውነቱን ነገርኩት።

እስከ መጨረሻው አልተነፈሰም። ቀዶ ሕክምናው ተሳካ፣ ባልየው ዳነ፤ እሱን ለማዳን እንቅልፍ ያጣው ሐኪም ሞተ። አማ ይህን ፊልም ስንቴ እንዳዩት እንጃ፣ በሳሪያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

ወደ ክፍላችን ስንወጣ ደረጃው መሃል ቆመ። «እኔም እንደሱ እንዳልልሽ ፈርተሽ ነው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

ያን ሌሊት መብራቱ አልጠፋም። ከታመመ ጀምሮ ካንሰር የሚለውን ቃል በአፋችን ጠርተን ያወራነው ያኔ ነው፤ እስኪነጋ።