እናቴ ኤምአርአይ የተነሣች ዕለት

እናቴን ወገቧን ካመማት ቆይቷል። ሕመሙ ወደ ግራ እግሯ መውረድ ሲጀምር ሐኪሙ ኤምአርአይ አዘዘላት። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ጎረቤት «ጨረሩ ሰውነት ይጨርሳል» ብላታለች። ጨረር ያለው ራጅና ሲቲ ስካን ላይ ነው፣ ይሄኛው በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው የሚሠራው ብዬ ደጋግሜ ነገርኳት። አንጀቷ ግን አልራሰም።

እዚያ ስንደርስ ባለሙያዋ መጠየቅ ጀመረች። የልብ ምት ማስተካከያ ተገጥሞልዎታል? በኦፕራሲዮን የገባ ብረት አለ? ንቅሳትስ? እናቴ አንገቷን አሳየቻት። «አንዳንድ ቀለም ሊሞቅ ይችላል፤ ካቃጠለዎት ወዲያው ይንገሩኝ» አለቻት። ጉትቻውም የፀጉር ሽቦውም ወለቀ። መስቀሏ ላይ ሲደረስ እናቴ ደረቷን በእጇ ሸፈነች፤ ማተቧን ፈታ አታውቅም። ልጅቷ አልተቆጣችም፣ አልቸኮለችም። «እማማ፣ ክሩ ምንም አይልም፤ ብረቱን ብቻ ነው የምናወጣው» ብላ መስቀሉን ከክሩ አውጥታ ለእኔ ሰጠችኝ። እግዜር ይባርካት።

ከዚያ የሚመጣውን ሁሉ ቀድማ ነገረቻት። ማሽኑ ቆርቆሮ እንደሚደበድብ ሰው ይጮሃል፣ ዝም ይልና እንደገና ይነሣል፤ ጆሮ መድፈኛ ይደረግልዎታል። ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል። ከተንቀሳቀሱ ምስሉ ይበላሽና እንደገና ይነሣል። ከጨነቀዎት ይቺን የላስቲክ ኳስ ይጭመቁ፣ እመጣለሁ። እናቴ ኳሷን ይዛ ገባች፤ ሳትጨምቃት ወጣች።

ወንድሜ ሌላ ቦታ ሲቲ ስካን ሲነሣ ግን አንድ ቃል የነገረው አልነበረም። ኮንትራስት የሚባለው፣ ምስሉ ጎልቶ እንዲታይ የሚሰጠው መድኃኒት በደም ሥሩ ሲገባ ሙቀት ከጉሮሮው እስከ እግሩ ወረደ፣ ሽንቱ ያመለጠው መሰለው። የሞተ መስሎት ከአልጋው ሊነሣ ታገለ። ያ ስሜት የተለመደ ነው፣ በደቂቃ ውስጥ ያልፋል። አስቀድሞ ቢነገረው ኖሮ ያን ሁሉ ድንጋጤ ባላየ ነበር! ለመንገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የናንተም ሰው የሚነሣ ከሆነ የድሮ የምርመራ ፊልም ካለው ይዛችሁለት ሂዱ፣ ሐኪሙ ያስተያየዋል። ኮንትራስት የሚሰጠው ከሆነ ደግሞ የኩላሊት ችግር ወይም አለርጂ ካለበት ሳትጠየቁም ተናገሩ።

ውጤቱን ልጅቷን ጠየቅኳት፤ የሚያነበው የራዲዮሎጂ ሐኪም ነው አለችኝ። ሪፖርቱ ነገ ከሰዓት ይደርሳል። ሐሙስ ፊልሙን ይዘን ወዳዘዘላት ሐኪም እንሄዳለን።