ጥርስ አስነቅሎ የዚያኑ ዕለት ወደ ገጠር መመለስ

ደብረ ማርቆስ ከተማ ላይ ጥርስ ከምነቅልላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከተማ አያድሩም። ከቢቸና፣ ከደጀን፣ ከደብረ ኤልያስ በማለዳ ይመጣሉ፤ ጥርሱ ሲወጣ ጉዳያቸውን ጨርሰው በሚኒባስ ይመለሳሉ። ወንበር ላይ ለሚገጥም ችግር መሣሪያውም ባለሙያውም አጠገብ አለ። የሚያስቸግረው ማታ ቤት ከገቡ በኋላ የሚጀምረው ነው። አሠራሬን ከቀጠሮ አሰጣጥ ጀምሮ ያስተካከልኩት ለዚያ ሌሊት ብዬ ነው።

ቀጠሮ የምሰጠው ጠዋት ነው፤ ደሙ መቆሙን አይቼ እንድሸኝ። በመርፌ ማደንዘዣ ለሚነቀል ጥርስ ሆድ ባዶ መምጣት አያስፈልግም፤ ባዶ ሆድ ላይ ፍርሃት ሲጨመርበት ነው ሰው ወንበር ላይ ራሱን የሚስተው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾመውን ሰው "ቀምሰህ ና" ማለት ግን አያዋጣም። አስቸኳይ ካልሆነ ቅዳሜ እቀጥረዋለሁ፤ ቅዳሜ ጥሉላት ባይበላም ቁርስ ይበላልና።

"ግፊት አለብዎት?" ስል "የለብኝም" የሚሉኝ አብዛኞቹ ተለክተው አያውቁም፤ ስለዚህ ሁሉንም እለካለሁ። 180/110 ከደረሰ መጀመሪያ ግፊቱ ይታከም እላለሁ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለእኔ ብሎ በራሱ እንዳያቋርጥ፤ ይንገረኝና ከሚከታተለው ሐኪም ጋር እንነጋገራለን። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያለው ሰው፣ ፔኒሲሊን የሚስማማው ከሆነ፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ 2 ግራም አሞክሲሲሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ይወስዳል።

ማደንዘዣው 2 በመቶ ሊዶኬይን ከአድሬናሊን ጋር ነው፤ አንዷ ካርትሬጅ (የማደንዘዣው ትንሽ ብልቃጥ) 1.8 ሚሊ ሊትር ትይዛለች። አድሬናሊኑ ለአንድ አፍታ ልብ ሊያስመታ ይችላል፤ ቶሎ ያልፋል። ለታችኛው መንጋጋ ከነርቩ ስር አጠገብ እወጋና ግማሽ ከንፈር እስኪደነዝዝ እጠብቃለሁ። "ከንፈሬ አበጠ" ሲሉኝ ሥራውን መጀመር እችላለሁ ማለት ነው። መግል የያዘ ጥርስ አካባቢው አሲዳማ ስለሚሆን መርፌው በደንብ አይዘውም፤ ያኔ ራቅ አድርጎ መውጋት ወይም መግሉን ቀድሞ ማስወጣት ይሻላል። ጥርሱን ከመንካቴ በፊት፣ "አባቴ፣ መገፋቱ ይሰማዎታል፣ ድምፅም ይሰማሉ፤ ሕመም ከተሰማዎ ግን እጅዎን ያንሱ፣ እጨምርልዎታለሁ" እላለሁ። ይህን ያልተነገረው ሰው ግፊቱን ሕመም ነው ብሎ ይደነግጣል።

ጥርስ በጉልበት አይጎተትም። ኤሌቬተር በሚባል የጥርስ ማላቀቂያ መሣሪያ ከአጥንቱ ቀስ እያልኩ አላቅቀዋለሁ፤ ጉጠቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አናቱ በስብሶ ያለቀ ከሆነ ስሮቹን ለያይቼ አንድ በአንድ አወጣለሁ። አጥንት ውስጥ ተጋድሞ የቀረ የመጨረሻ መንጋጋ ግን ሌላ ነው፦ ራጅ ይነሳል፣ ድዱ ይከፈታል፣ ጨዋማ ውሃ እየፈሰሰበት አጥንቱ ይቦረቦራል፣ ጥርሱ ተቆርጦ በቁራጭ ይወጣል፣ ከዚያ ይሰፋል። ስሩ ከነርቩ ጋር ከተጠጋ ከንፈር ለሳምንታት፣ አልፎ አልፎም ለዘለቄታው ሊደነዝዝ እንደሚችል አስቀድሜ እናገራለሁ። ከላይ መንጋጋ የተነቀለለት ደግሞ ለሁለት ሳምንት አፍንጫውን በኃይል አይናፈጥ። ሲጠጣ በአፍንጫው ከወጣ ከሳይነሱ (ከላይ መንጋጋ በላይ ካለው የአጥንት ክፍተት) ጋር ቀዳዳ ተፈጥሯልና ይመለስ።

ከዚህ በኋላ የሰውየው ሥራ ይጀምራል። ጎዙ (የቁስል ጨርቁ) በትክክል ቀዳዳው ላይ ይቀመጥና ሳያወሩና ሳያላምጡ ለ30 ደቂቃ ተነክሶ ይያዝ። ከጎኑ ያሉት ጥርሶች ላይ የተቀመጠ ጎዝ ምንም አይጫንም፤ በየደቂቃው አውጥቶ ማየትም የረጋውን ደም መልሶ ማላቀቅ ነው። ከሁሉ የከፋው "እንትፍ" ማለት ነው። ምራቅ ትንሽ ደም ሲነካው አፍ ሙሉ ደም ስለሚመስል ሰው ደንግጦ ይተፋል፤ በተፋ ቁጥር ደሙ እንደገና ይመጣል። ምራቅ ይዋጥ። ለመንገድ ትርፍ ጎዝ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልዬ እሰጣለሁ። ካለቀ፣ ውሃ የነካው የሻይ ከረጢት መንከስ ይቻላል። አንድ ሰዓት ሙሉ በደንብ ተነክሶ ካልቆመ ሌሊትም ቢሆን ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

በዚያ ዕለት አፍ አይጉመጠመጥም፤ በአረቄ ደግሞ ጨርሶ። ነጭ ሽንኩርትም ሆነ የተፈጨ አስፕሪን ቁስሉ ላይ ማድረግ ድዱን ያቃጥለዋል። ገንፎው ይቀዝቅዝ፣ በርበሬው ይቅር፤ ቆሎ ለሳምንት አይታሰብ። ቡናን ከአቦል እስከ በረካ አልከለክልም፤ ለብ ብሎ ይጠጣ። ሲጋራ ግን ቢያንስ ለሦስት ቀን ይቅር። ከ24 ሰዓት በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ፈልቶ ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይሟሟና አፍ ውስጥ ይያዝ፤ በኃይል ሳይተፋ ዝቅ ብሎ ይፍሰስ።

ማስታገሻው የሚወሰደው መርፌው ሳይለቅ ነው፦ ምግብ ተበልቶ ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ። ጨጓራ ላለበት ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፤ በቀን ከ4 ግራም አይለፍ። ሜትሮኒዳዞል የሚባለው አንቲባዮቲክ ለታዘዘለት ማኅበርም ቢኖር ጠላ የለም፤ ከጨረሰ በኋላም 2 ቀን ይታገሥ።

እብጠቱ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ይብሳል፤ ያ የሚጠበቅ ነው። ሕመሙ ቀለል ብሎ ሳለ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን እንደገና ወደ ጆሮ እየወጋ ከተነሣ፣ አፍም ከሸተተ፣ የረጋው ደም ወጥቶ አጥንቱ ተገልጧል። ድራይ ሶኬት የምንለው ይህ ነው። ሰው በዚህ ጊዜ "የታመመውን ትተው ጤነኛውን ነቀሉት" ብሎ ከጎኑ ያለውን ጥርስ ሊያስነቅል ይመጣል። አልነቅልም። ቀዳዳውን አጥቤ መድኃኒት አደርግበታለሁ፤ በአንቲባዮቲክ ብቻ አይድንም።

እብጠቱ ወደ አገጭ ስርና ምላስ ስር ከወረደ፣ ምራቅ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ጠበሉም ጠዋቱም ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል።

የሐር ክር ስፌት በሳምንቱ ይወጣል። ለዚያ ብሎ ሁለተኛ መንገድ ለሚከብደው ሰው የሚሟሟ ክር እጠቀማለሁ።