ከማሽኑ በፊት በሩ፦ የጓሮ ወርክሾፔ የደረሰበት

ሰላም ለእናንተ፣ እንጨትና ብረት ለምትወዱ ሁሉ። ቱሉ ዲምቱ ከቤቴ ጀርባ የጀመርኩት ወርክሾፕ ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያውም ተመቷል። አሁን ያለሁት በርና የዕቃ አቀማመጥ ላይ ነው። ሰርቪስ ቤታችሁን ወይም የመኪና ማቆሚያችሁን ወደ ሥራ ቦታ ለመቀየር የምታስቡ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ የወሰንኩትን ከነምክንያቱ ላካፍላችሁ።

ክፍሉ በውስጥ 4 በ5 ሜትር ነው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ምን ማሽን ልትገዛ ነው?» ብሎ ነው። እኔ የጀመርኩት ከበሩ ነው። ማሽን ካልተስማማ ይሸጣል፣ ቦታ ይቀየርለታል። የበር ቦታ ግን ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ እንደ ልብ አይነካም።

በሩን ስታቅዱ የሚገባውንና የሚወጣውን ዕቃ ለኩ። የምንገዛው ቱቦላሬ፣ ውስጡ ክፍት የሆነው ብረት፣ ርዝመቱ 6 ሜትር ነው። ኤምዲኤፍና ኮምፔንሳቶ የሚባሉት የእንጨት ሰሌዳዎች በብዛት የሚገኙት 1.22 በ2.44 ሜትር ሆነው ነው። ጥሬ ዕቃው ብዙም አያስቸግርም። ኤምዲኤፍ በጠርዙ ቆሞ በ90 ሴንቲ በር ይገባል። ቱቦላሬም በርዝመቱ ይሾልካል። ጉዱ ያለው ተሠርቶ ያለቀው ላይ ነው። ባለ 1.50 አልጋ፣ ባለ ሦስት ተካፋች ቁም ሣጥን፣ የግቢ በር። እነዚህን በ90 ሴንቲ ማውጣት፣ በተለይ በሩ ፊት መዞሪያ ከሌለ፣ ጭንቅ ነው። ሰፈራችን ያሉ አንድ አንጋፋ አናጺ ሳማክራቸው «ልጄ፣ ቺፑድ አንዴ ከተፈታ ብሎኑ እንደ መጀመሪያው አይነክስም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዕቃው ሙሉውን መውጣት አለበት።

ስለዚህ የበሩን ክፍት ቦታ 2.40 ስፋት በ2.40 ቁመት አደረግሁት። ባለ ሁለት ተካፋች ነው፣ ግን ሁለቱ እኩል አይደሉም። አንዱ 90 ሴንቲ፣ ሌላው 1.50 ነው። በየቀኑ የሚከፈተው ትንሹ ነው። ትልቁ ከላይና ከታች በመወርወሪያ ተይዞ ይቆያል፣ ትልቅ ዕቃ ሲወጣ ብቻ ይከፈታል። ሁለቱን እኩል 1.20 ማድረግ ያምራል። ነገር ግን ለመግባትና ለመውጣት ብቻ ያን ያህል ከባድ ተካፋች ቀኑን ሙሉ ማንገላታት ምን ይጠቅማል?

ክብደቱን አስቀድማችሁ አስሉ። ብረት በካሬ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ ሚሊ ውፍረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ትልቁ ተካፋች 1.50 በ2.40፣ ማለትም 3.6 ካሬ ነው። ባለ 1.5 ሚሊ ላሜራ ብታለብሱት ላሜራው ብቻ 42 ኪሎ ይሆናል። የ40 በ40 ቱቦላሬ ፍሬሙ ከነመሀል ማሰሪያዎቹ ወደ 20 ኪሎ ይጨምራል። በ1 ሚሊ ላሜራ ከሠራችሁት ግን ላሜራው 28 ኪሎ ላይ ይቆማል። እኔ ከታች እስከ ወገብ 1.5፣ ከዚያ በላይ 1 ሚሊ መረጥሁ። የሚገፋውም የሚመታውም ታችኛው ክፍል ነው። ማጠፊያው በየተካፋቹ ሦስት ነው። አግዳሚ ብቻ ሳይሆን ሰያፍ ማሰሪያም ገብቷል፤ ከታችኛው ማጠፊያ ተነስቶ ወደ ነፃው ጫፍ አናት ይወጣል። አቅጣጫው እንዲህ ሲሆን ነፃው ጫፍ ሲከብድ ሰያፉ ደግፎ ይይዘዋል።

የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። ወደ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ከ20 ካሬ ክፍል ላይ የበሩን መዞሪያ መቀነስ ነበረብኝ። ወደ ውጭ ሲከፈት የማጠፊያው ፒን ውጭ ይቀራል፣ ሌባ ሊነቅለው ይችላል። መፍትሔው ፒኑን ጫፉ ላይ በብየዳ መያዝ ነው። ዝናቡን ደግሞ ጣሪያውን ከበሩ በላይ አንድ ሜትር አስረዝሜ ከለከልሁት።

ተንሸራታች በር ለምን አልሆነም የምትሉ ትኖራላችሁ። የፊቱ ግድግዳ 4 ሜትር ነው። 2.40 የሚሆን በር ተንሸራቶ የሚያርፍበት ሌላ 2.40 ግድግዳ ይፈልጋል፣ እኔ ጋ የሚተርፈው 1.60 ነው። እንደ ሱቅ ወደ ላይ የሚጠቀለለውም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጥቅልሉ የሚይዘውን ቁመት ጣሪያዬ አይሰጠኝም።

ዋናው ጉዳይ ግን መሬቱ ነው። እኛ ሰፈር አፈሩ መረሬ ነው። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አቃቂ፣ ገላን፣ ኮዬ ፈጬ አካባቢ ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ሐምሌ ላይ አልዘጋ ያለ በር ጥር ላይ ክፍተት ያወጣል። መሬት ላይ የተቀበረ ሐዲድ ያለው በር ደግሞ ጭቃና ሰጋቱራ ይሞላዋል፣ ሐዲዱም ከመሬቱ ጋር ይነሳል፣ ይወርዳል። ስለዚህ የበሩን ሁለት ቋሚዎች ከታች ፌሮ ብረት በገባበት አንድ የኮንክሪት ቢም አገናኘኋቸው። መሬቱ ቢንቀሳቀስ አብረው ይንቀሳቀሱ እንጂ አንዱ ብቻውን አያጋድልም። ከተካፋቹ ሥር 15 ሚሊ ክፍተት ተውሁ። ክፍተቱን ከጥቅም ውጭ በሆነ የማጓጓዣ ቀበቶ ጎማ እሸፍነዋለሁ። ማጠፊያዎቹም ሮንዴላ እየጨመሩ ከፍ ማድረግ የሚቻልባቸው ናቸው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያድነው ውሃውን ማራቅ ነው። መረሬ የሚጎዳው እርጥበቱ ሲለዋወጥ ነው። አሸንዳ ሳትሰቅሉ በር አትግጠሙ እላለሁ። የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ተሰብስቦ በቱቦ ከመሠረቱ ይርቃል። ዙሪያውንም ወደ ውጭ ያዘነበለ የኮንክሪት ንጣፍ አድርጌያለሁ። ወለሉ ከግቢው 12 ሴንቲ ከፍ ይላል። በሩ ላይ ደረጃ የለም፤ ጋሪ የሚወጣበት ዳገት ነው ያለው፣ ከዳገቱ ግርጌ ደግሞ በፍርግርግ የተሸፈነ የውሃ መውረጃ አለ።

አሁን በጣም ወደምወደው ነገር ልምጣ። 6 ሜትር ብረት 5 ሜትር ክፍል ውስጥ እንዴት ይቆረጣል? በሩ መሀል ላይ ሳይሆን ወደ ግራ ተጠግቶ ነው ያለው። የግራውን ግድግዳ ይዞ የመቁረጫው ጠረጴዛ ይሄዳል። በትይዩ፣ ከኋላው ግድግዳ ላይ፣ በጠረጴዛው ከፍታ 30 በ30 ሴንቲ ቀዳዳ አለ። ከኋላው ግድግዳ እስከ አጥሩ 1.50 ሜትር ነው። መቁረጫው የሚቀመጠው ከኋላው ግድግዳ 1.50 ላይ ነው። ስለዚህ ከመቁረጫው እስከ አጥሩ 3 ሜትር አለ። አንድ ባለ 6 ሜትር ብረት የትም ቦታ ላይ ቢቆረጥ አጭሩ ቁራጭ ከ3 ሜትር አይበልጥም። አጭሩ ወደ ቀዳዳው፣ ረጅሙ ወደ በሩ ይሄዳል። ትንሹን ተካፋች ብቻ መክፈት በቂ ነው። ቀዳዳው ከውስጥ የሚቆለፍ የላሜራ መዝጊያ አለው። ቦታ የጠበበባችሁ ይህን ሞክሩት፣ ክፍሉን ሳታሳድጉ ታሳድጉታላችሁ።

ሰርኩላር የምንለው ባለ ጠረጴዛ መጋዝም የሚቀመጠው በሩን እያየ ነው። ባለ 2.44 ኤምዲኤፍ ከምላጩ በፊት 2.44፣ ካለፈ በኋላም 2.44 ይፈልጋል። ድምሩ 4.88 ነው፣ የሚገፋው ሰው ደግሞ መቆሚያ ይፈልጋል። ባዶው 5 ሜትር አይበቃም። በሩ ሲከፈት ግን ጓሮው የክፍሉ አካል ይሆናል። ማሽኑ ገና አልተገዛም። ካርቶን በልኩ ቆርጬ ወለሉ ላይ አኑሬ፣ ዙሪያውን እየተንቀሳቀስሁ ነው የፈተሽሁት። በጠመኔ ብቻ ከማስመር ይሻላል፣ እግር ካርቶኑን ሲነካ ወዲያው ይታወቃል።

መጀመሪያ የገባው ዕቃ የሥራ ጠረጴዛና ሞርሳ (ዕቃ ነክሶ የሚይዘው መሣሪያ) ነው። የጠረጴዛው ከፍታ 88 ሴንቲ ነው፣ እጄን ወደ ታች ስዘረጋ የእጄ አንጓ የሚደርስበት። ሞርሳውን ምናለሽ ተራ አገኘሁት። አሮጌ ቢሆንም ከባድ ነው፣ መንጋጋውም እኩል ይገጥማል። ሁለተኛ እጅ ስትገዙ ዘግታችሁ ወደ ብርሃን አንሡትና ክፍተቱን እዩ። ቀጥሎ ድሪልና ግራይንደር ገቡ። የግራይንደር ዲስክ ላይ የተጻፈው የዙር ፍጥነት ከማሽኑ ፍጥነት ማነስ የለበትም፤ የ230 ሚሊ ዲስክ መከላከያ አውልቆ ትንሽ ግራይንደር ላይ መግጠም የሰው ዓይንና ፊት አጥፍቷል። እባካችሁ አታድርጉት።

እንጨትና ብረት አንድ ጣሪያ ሥር ሲሆኑ እሳቱ ያሳስበኛል። የብየዳና የግራይንደር ብልጭታ ሰጋቱራ ውስጥ ገብቶ ሳይታይ ሲጨስ ይቆይና ሰው ከሄደ በኋላ ይነሳል። የሥራ ደህንነት መመሪያዎች ብልጭታ ያለበት ሥራ ዙሪያውን 11 ሜትር የሚቀጣጠል ነገር እንዳይኖር ይመክራሉ። እኔ ጋ ክፍሉ ውስጥ ይህ አይሆንም። ስለዚህ ብየዳው ከበሩ ውጭ፣ ጓሮው ውስጥ ነው። መቁረጫው ላይ ብረት የሚቆረጠው ሰጋቱራው ተጠርጎ፣ እንጨቱ ወጥቶ ነው። የደረቅ ዱቄት እሳት ማጥፊያው በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ጥግ ላይ ቢሆን እሳቱን አልፎ ማን ያመጣዋል?

መብራቱን በተመለከተ፣ ከቆጣሪው እስከ ወርክሾፑ 25 ሜትር ያህል ነው። 16 አምፔር ብሬከር በ220 ቮልት 3,520 ዋት ይሰጣል። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሽቦ ይበቃ ነበር፤ ግን በዚህ ርቀት ሙሉ ጭነት ላይ ወደ 6 ቮልት ይበላል። ኔትወርኩ ራሱ ማታ ማታ ስለሚወርድ ባለ 4 አስገባሁ። አምፖሎቹ የራሳቸው ብሬከር አላቸው። መጋዙ እየዞረ ብሬከር ወድቆ ክፍሉ ቢጨልም እጅ የት እንዳለ አይታይም። እኛ ጋ ደግሞ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። የሚሄደው ሳይሆን ሳይታሰብ የሚመጣው ነው አደገኛው። ሰርኩላሩ ኮንታክተር ያለው ማብሪያ ይኖረዋል፤ መብራት ሲመለስ ሰው ካልተጫነው በራሱ አይነሳም። ይህን የሌለው ማሽን በቅናሽም ቢሆን አልገዛም።

ሞተር ስትመርጡ ከፍታችንንም አስቡ። የሞተር ሰሌዳ ላይ ያለው ኃይል በተለምዶ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ የተሰላ ነው። እኛ ከ2,000 በላይ ነን። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን በደንብ አያቀዘቅዘውም። ጄኔሬተርማ ይባስ፤ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ኃይል ያጣል። 3 ኪሎዋት ያለው እዚህ 3 አይሰጥም።

አሁን ትንሹ ተካፋች ተገጥሟል፣ ትልቁ ፍሬሙ ተበይዶ አንቲረስት እየተቀባ ነው። የሚቀረኝ ኮምፕሬሰር የሚቆምበት ቦታ ነው። ከኋላ፣ በቀዳዳው በኩል ላቆመው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የጎረቤት መኝታ ክፍል በዚያ ወገን ስለሆነ ወደ በሩ ጎን፣ በብሎኬት ታጥሮ፣ አየር ማስገቢያው ወደ እኛ ግቢ እንዲዞር ወስኛለሁ። ኮምፕሬሰር በብሎኬት ያጠራችሁ ካላችሁ፣ እንዳይግል ምን ያህል ክፍተት እንደተዋችሁለት ጻፉልኝ።