መጀመሪያ ወረቀቱን እዩ

ፈረንሳዊው የኅትመት ሥዕል ሠሪ ዣን ለፖትር እ.ኤ.አ. በ1678 በቬርሳይ ቤተ መንግሥት አትክልት ያለውን የላቶና ፏፏቴ መዳብ ላይ ቀርጾ አትሞታል። ያንን ኅትመት በቅርብ ለማየት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አንዱ ቀን በከንቱ ባከነ። እስካሁን ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ኅትመቱ በተቀመጠበት ቤት ቀጠሮ መያዙ ቀላል ነው። መታወቂያ ታሳያላችሁ፣ ቦርሳ ታስረክባላችሁ፣ እርሳስ ይዛችሁ ትገባላችሁ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሠራተኛው ጥያቄዬን አየና «ይሄ እኮ ስካን ተደርጓል፤ ኮምፒውተር ላይ ይዩት» አለኝ። ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። ወረቀቱን ነው የፈለግኩት ብዬ ድርቅ ማለት ነበረብኝ። ይሉኝታ ያዘኝና እሺ ብዬ ተቀመጥኩ።

ስክሪን ላይ ማጉላት ያጓጓል። እንቁራሪት አጎላሁ። ቀጥሎ የአንዱን ገበሬ ፊት አጎላሁ። የፏፏቴው ታሪክ፣ የጥንት ሮማውያን አምላክ ላቶና ከሁለት ልጆቿ ጋር ውሃ ጠምቷት ስትመጣ ገበሬዎቹ ከለከሏትና ወደ እንቁራሪትነት ተለወጡ ነው። ቀኑን ሙሉ ቁርጥራጭ ሳይ ዋልኩ። መሃል ላይ ላቶና ያለችው ዝቅ ያለ ዓለት ላይ ነው። እኔ ደግሞ ቬርሳይ ሄጄ ፎቶ አንስቻለሁ፤ እዚያ ያለችው በተደራረቡ የእብነ በረድ እርከኖች አናት ላይ ነው። «ሰውየው ከጭንቅላቱ ነው የፈጠረው» ብዬ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ለጓደኞቼም ላክሁት። በኩራት!

ለፖትር ግን አልፈጠረም። የማርሲ ወንድማማቾች የቀረጿት ላቶና መጀመሪያ የቆመችው ዓለት ላይ ነበር፤ ፊቷም ወደ ቤተ መንግሥቱ። እርከኖቹን የሠራው አርክቴክቱ ዡል አርዱዋን ማንሳር ነው፣ ከ1687 እስከ 1689። ፊቷንም በአትክልቱ ውስጥ ወዳለው ትልቁ ቦይ አዞረው። ኅትመቱ ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ይቀድማል። 1678 የሚለው ዓመት መዝገቡ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፎ እያለ አላስተዋልኩትም። ያ የጥንቱ አቀማመጥ ዛሬ የለም። ከቀሩት ምስክሮች አንዱ እንዲህ ያለ ወረቀት ነው፤ እኔ ምስክሩን ውሸታም አልኩት። ለጓደኞቼ ማረሚያ ስጽፍ እጄ ከብዶኝ ነበር።

ሁለተኛ ስሄድ ምክንያቴን በጽሑፍ አቀረብኩ፦ «የመስመሮቹን ጫፍና መዳቡ ወረቀቱ ላይ የተወውን ጠርዝ ማየት እፈልጋለሁ።» ወዲያው አወጡልኝ። ስለዚህ «እባካችሁ» ብቻ አትበሉ፤ ስካኑ የማያሳየውን ነገር በስሙ ጥሩ።

መብራቱን ከጎን አድርጉ፤ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል። ሁሌ የሚመክሩት ስካኑን ቀድሞ ማየት ነው። እኔ አልስማማም። መጀመሪያ ወረቀቱን ሙሉውን፣ በባዶ ዓይን፣ ቢያንስ ሩብ ሰዓት እዩት። ስካኑ ቤት ገብታችሁ ማስታወሻችሁን የምታመሳክሩበት ይሁን።

በመነጽሩ ሳይ የመስመሮቹ ጫፍ ደንዘዝ ያለ ነው። በብረት መቅረጫ የተቆረጠ መስመር ጫፉ እየቀጠነ ይሾላል። ይሄ ግን ሰም የተቀባ መዳብ በመርፌ ተጭሮ፣ መርፌው የገለጠውን መዳብ አሲድ የበላው ነው። መርፌው ለለፖትር እንደ እስክሪብቶ ስለሚሮጥለት ቅጠሉ ሁሉ የሚንቀሳቀስ ይመስላል።

ከዚያ ወደ አንዷ እንቁራሪት ሄድኩ። ዙሪያዋን መስመር በመስመር ላይ ደራርቦ አጥቁሮታል። ከአፏ ተወርውሮ በጥቁሩ ፊት የሚያልፈውን ውሃ ግን አልሳለውም። መርፌው ምንም ያልነካው ባዶ ወረቀት ነው።