የአንዲት ብሎን ነገር

ሦስት ወር ሙሉ ያስቸገረኝ የካሴት ማጫወቻ ዴክ ትናንት ማታ ማሲንቆን እንደ ማሲንቆ አሰማኝ። ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ አልቻልኩም።

ዴኩን የገዛሁት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። ሞተሩ ይዞራል፤ ካሴቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ውስጥ ያለው ላስቲክ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ተጣብቆ ነበር። በአልኮል ጠርጌ አዲስ አስገባሁ። ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነበውን ሄድና ክሩን የሚስበውን ጎማ በጥጥ አጸዳሁ። እስከዚህ ያለው ቀላል ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ድምፁ ታፈነ። ዘፋኙ ጋቢ ተከናንቦ የሚዘፍን ይመስላል። ጸናጽል የለ፣ «ሰ» ከ«ሸ» አይለይ። «ካሴቱ አርጅቷል» ሲሉኝ አመንኩ። ወደ አሥር የሚሆኑ ካሴቶች «አይረቡም» ብዬ ለሰው ሰጠሁ። አሁንም ይቆጨኛል።

ለካ ጉዳዩ የሄዱ አቀማመጥ ኖሯል። አዚመዝ ይሉታል። ሄዱ ላይ ያለችው ቀጭን ክፍተት ክሩ ከሚሄድበት አቅጣጫ ጋር ልክ 90 ዲግሪ መሥራት አለባት። ክሩ በሰከንድ የሚጓዘው 4.76 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ 10,000 ኸርዝ የሆነ ቀጭን ድምፅ፣ አንዱ ሞገዱ ክሩ ላይ 5 ማይክሮሜትር እንኳ አይሞላም። ሄዱ ትንሽ ካዘመመ እሱ ይጠፋል፤ ወፍራሙ ድምፅ ብቻ ይቀራል።

ከሄዱ ጎን አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ካሴቱ እየዘፈነ በቀጭን መፍቻ በጣም በጥቂቱ አዞራታለሁ። ግራና ቀኙን አጣምሬ በሞኖ ነው የምሰማው፤ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚወጣው እዚያ ነው። ድምፁ ከሁሉም በላይ የሚጠራበት ቦታ ልኩ ነው። ግን ከልኩ ርቃችሁ ከሄዳችሁ፣ ልክ የሚመስል ሌላ ቦታ ያጋጥማችኋል። እኔ የነበረችበትን ሳላመለክት ነካክቻት ሁለት ሳምንት እዚያ ውስጥ ባከንኩ። እባካችሁ መጀመሪያ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ።

የእኛ አገር ካሴቶች ደግሞ የየራሳቸው ልክ አላቸው። እያንዳንዱ ካሴት ቤት በራሱ ዴክ ነበር የሚቀዳው። ስለዚህ ለየካሴቱ አስተካክላለሁ። አድካሚ ነው፤ ሌላ መንገድ ግን አልቀበልም። የታፈነን ድምፅ ኮምፒዩተር ላይ በቀጭን ድምፅ መሙላት የክሩን የ«ሽሽ» ድምፅ ብቻ ነው የሚያጎላው። ይህን «ሽሽታ» የሚቀንሰውን ዶልቢንም አጥፉት። ያለ ዶልቢ የተቀዳ ካሴት በዶልቢ ሲከፈት ይብስ ይታፈናል።

ካሴት አትጣሉ። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ካሴት በ2013 ዳግም ለዓለም የተሰማው አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ስላገኘው ነው።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ካሴት ቀርቷል። አክስቴ ከጅዳ ለእናቴ የላከችው የድምፅ ደብዳቤ ነው። ክሩን ሄዱ ላይ የምትጫነው ስፖንጅ ወድቃለች፤ ቀፎው ደግሞ ብሎን የሌለው፣ የተጣበቀ ዓይነት ነው። ሰንጥቄ ክሩን ወደ ሌላ ቀፎ ማዛወር አለብኝ። እስካሁን እጄ አልደፈረም። ክሩን ሳትጎዱ የከፈታችሁ ካላችሁ፣ ከየት በኩል እንደጀመራችሁ ንገሩኝ።