ሕያው የአንጎል ቁራጭ ማዘጋጀት፦ ከኒውሮሳይንስ ቤተ ሙከራ የቴክኒሻን ልምድ

በአንድ ዩኒቨርሲቲ የኒውሮሳይንስ ቤተ ሙከራ የምርምር ቴክኒሻን ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ከተማርኳቸው ሙያዎች ሁሉ ትኩረቴን አብዝቶ የወሰደው ከአይጥ አንጎል ሕያው የሆኑ ስስ ቁራጮችን ማዘጋጀት ነው። ተመራማሪው ከማይክሮስኮፕ ሥር የአንዲትን ኒውሮን (የነርቭ ሴል) የኤሌክትሪክ ምልክት ሲቀዳ፣ ያ ምልክት የሚታመን መሆን አለመሆኑ በአብዛኛው የሚወሰነው ከሰዓታት በፊት፣ ቴክኒሻኑ ፈሳሹን ባዘጋጀበትና አንጎሉን በቆረጠበት ጊዜ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁና ልትጀምሩ ለተዘጋጃችሁ ባልደረቦቼ እስካሁን ያካበትኩትን ላካፍላችሁ።

ቀዳሚው ጉዳይ ፈሳሹ ነው። ከእንስሳው የወጣ አንጎል ደም ስለማይደርሰው፣ ኦክስጅንም ሆነ ግሉኮስ የሚያገኘው ከተነከረበት ሰው ሠራሽ የአንጎል ፈሳሽ ብቻ ነው። ፈሳሹ ሶዲየም ክሎራይድ፣ ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ፎስፌት፣ ግሉኮስ፣ ማግኒዥየምና ካልሲየም የያዘ ሲሆን፣ 95 በመቶ ኦክስጅንና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሆነ ጋዝ ያለማቋረጥ ይነፋበታል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከባይካርቦኔቱ ጋር ሆኖ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) 7.4 አካባቢ ያቆየዋል። ካልሲየም ክሎራይድ ጋዙ በደንብ ከተነፋ በኋላ መጨረሻ ላይ የሚጨመረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ጋዝ ያላገኘ ፈሳሽ ፒኤቹ ከፍ ስለሚል፣ ካልሲየሙ ከካርቦኔትና ከፎስፌት ጋር ተጣምሮ ይዘቅጣል፣ ጥርት ያለው ፈሳሽም ወተት ጠብ እንዳለበት ውሃ ይደፈርሳል። እንዲህ ያለውን ፈሳሽ ያለ ማመንታት መድፋት ይገባል፤ ኒውሮኖች መልእክት የሚለዋወጡባቸው ኬሚካሎች የሚለቀቁት በካልሲየም አማካይነት ስለሆነ፣ በፈሳሹ ውስጥ የቀረው ካልሲየም መጠኑ ካልታወቀ ውጤቱ ትርጉም አይኖረውም። እኔ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቼ እመለከታለሁ፤ ከዚያም ኦስሞላሪቲው (በፈሳሹ ውስጥ የሟሟው ንጥረ ነገር ክምችት) 300 ሚሊኦስሞል ገደማ መሆኑን በመሣሪያ አረጋግጣለሁ።

ስለ እንስሳቱ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ሳይንቲስቶቹ ራስልና በርች እ.ኤ.አ. በ1959 ያቀረቧቸው ሦስት መርሖች፣ ማለትም እንስሳትን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥራቸውን መቀነስና ሥቃያቸውን ማቃለል፣ በሥራችን በየዕለቱ የሚተገበሩ ናቸው። አይጥን በጭራዋ ከማንሳት ይልቅ በቱቦ ወይም በተጣጠፈ መዳፍ መያዝ ጭንቀቷን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ቁራጩ በጥንቃቄ ሲዘጋጅ ደግሞ ከአንድ እንስሳ ብዙ መረጃ ስለሚገኝ፣ የቴክኒሻኑ ጥራት ራሱ የእንስሳቱን ቁጥር ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ።

አንጎሉ እንደወጣ ወዲያውኑ በረዶ ያህል በቀዘቀዘ ፈሳሽ ውስጥ ይገባል፤ ቅዝቃዜው ሴሎቹ የሚፈልጉትን ኦክስጅን ይቀንሳል። ከዚያ በስስ የሱፐር ግሉ ንጣፍ ከመቁረጫው ሰሌዳ ጋር ይጣበቃል። ቫይብራቶም የሚባለው መቁረጫ ምላጩን ግራና ቀኝ በፍጥነት እያንቀጠቀጠ ወደፊት ግን እጅግ በዝግታ ይገፋል፣ ወደ 300 ማይክሮሜትር የሚጠጋ ውፍረት ያላቸው ቁራጮችንም ያወጣል። ምላጩ ሲገባ ሕብረ ሕዋሱ ወደፊት ከተገፋ ወይም ከተጨማደደ ፍጥነቱን መቀነስ ያስፈልጋል። የተቆረጡት ቁራጮች 34 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚጠጋ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ያህል ካገገሙ በኋላ በክፍሉ ሙቀት ይቆያሉ።

ዓይን የሚሠለጥነው ከዚህ በኋላ ነው። ጤናማ ኒውሮን ገጽታዋ ለስላሳ፣ ጠርዟ ፈዘዝ ያለ ሲሆን፣ ኒውክሊየሷም ጎልቶ አይታይም። ያበጠችና ኒውክሊየሷ በግልጽ የሚታይ ወይም የተኮማተረችና የጠቆረች ሴል ግን ተጎድታለች። የሂፖካምፐስ ሴሎች በረድፍ የተሰደሩ ስለሆኑ ይህን ልዩነት ለመለማመድ ከሌላው የአንጎል ክፍል ይልቅ የተመቹ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። ሳይንቲስቶቹ ኔርና ሳክማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስጀመሩትና በ1991 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ፓች ክላምፕ የተባለው የሴልን የኤሌክትሪክ ምልክት በቀጭን የመስታወት ቱቦ (ፒፔት) የመቅዳት ዘዴ የፒፔቱ ጫፍ ከሴሉ ሽፋን ጋር ከጊጋ ኦም (ከአንድ ቢሊዮን ኦም) በላይ በሆነ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ እንዲገጥም ይጠይቃል፤ የተጎዳ ሽፋን ደግሞ ይህን አጥብቆ አይዝም።

አሁን እየተለማመድኩት ያለሁት ምልክቷ የተቀዳውን ሴል በኋላ ለማቅለም በሚያስችለው ባዮሳይቲን በተባለ ንጥረ ነገር ሞልቶ ቅርጿን በኋላ ማቅለም ነው። አስቸጋሪው ክፍል ፒፔቱን ከሴሏ ማላቀቅ ነው፤ በቀስታና በሰያፍ ሲሳብ ሽፋኑ ተመልሶ ይዘጋል፣ ቸኩሎ መሳብ ግን የሴሏን አካል ይዞ ይወጣል። ቁራጩን በ4 በመቶ ፓራፎርማልዴሃይድ ከማጽናት (ሕብረ ሕዋሱ ሳይበሰብስ ቅርጹን እንዲይዝ ከማድረግ) በፊት ባዮሳይቲኑ እስከ ቅርንጫፎቹ ጫፍ እንዲደርስ ምን ያህል እንደምትጠብቁ፣ በዚህ ዘዴ የምትሠሩ ካላችሁ ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።