ሳይክሉ ምቹ መሆኑ የሚታወቀው ከ40 ደቂቃ በኋላ ነው

የመጀመሪያውን ኤሌክትሪክ ሳይክሌን የገዛሁት ኮርቻውን አይቼ ነው። ሰፊ፣ ትራስ የመሰለ ኮርቻ ነበረው። ሱቁ በር ላይ ሁለት ዙር ነዳሁት፣ ተመቸኝ፣ ከፈልኩ። ቅዳሜ ረጅም መንገድ ይዤው ወጣሁ። 40 ደቂቃ ገደማ ስሄድ ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ደነዘዙ። ሰዓት ሲሞላ ጭኔን ከውስጥ በኩል ፈገፈገኝ። ቤት ስደርስ ከሳይክሉ የወረድኩት ወገቤን ይዤ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ። አሁን የምነዳውን ከያዝኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ለሥራ ደርሶ መልስ 26 ኪሎ ሜትር፣ ቅዳሜ ደግሞ ለመዝናናት 60 እና 70 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ። ሰው «የትኛውን ልግዛ?» ሲለኝ ወሬዬን የምጀምረው ከሞተሩ አይደለም። ከአቀማመጡ ነው።

የምንቀመጥባቸው ሁለት አጥንቶች አሉ። ክብደታችንን መሸከም ያለባቸው እነሱ ናቸው። በጣም ለስላሳ ኮርቻ ላይ ግን አጥንቶቹ ይሰምጣሉ። ስፖንጁ መሃል ለመሃል ወደ ላይ ይነሣና ነርቭና የደም ሥር ያለበትን ቦታ ይጫናል። አሥር ደቂቃ ለሚነዳ ሰው ይህ አይታወቀውም። ረጅም መንገድ ለሚሄድ ግን ጠንከር ያለ፣ ስፋቱ ከአጥንቶቹ ጋር የሚገጥም ኮርቻ ይሻለዋል። ልኩን ቤት ውስጥ ማወቅ ይቻላል። የዕቃ ካርቶን ቁራጭ ጠንካራ ወንበር ላይ አንጥፉና ተቀመጡበት፤ ጉልበታችሁን ከፍ አድርጋችሁ ትንሽ ቆዩ። ስትነሡ ካርቶኑ ላይ ሁለት ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች ታገኛላችሁ። ከአንዱ መሃል እስከ ሌላው መሃል ለኩ። የኔ 12.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ኮርቻው ከዚያ በጥቂት ሴንቲ ሜትር መስፋት አለበት፤ ቀና ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ደግሞ ትንሽ ተጨማሪ።

የጣቶቼን ነገር ያስረዱኝ አንድ የሳይክል ጠጋኝ ናቸው። ሳይክሉን ከግድግዳ አስደግፈው ላዩ ላይ አስቀመጡኝና «እስቲ እጅህን ከመሪው ላይ ቀስ አድርገህ አንሣው» አሉኝ። ሳነሣው ወደ ፊት ልደፋ ደረስኩ።

«አየህ? ሰውነትህን የተሸከመው እጅህ ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ምን ይሻላል ጋሼ?»

«መሪው ወዳንተ ይምጣ፣ ከፍም ይበል። ኮርቻውም ወደ ፊት አዘቅዝቋል፣ እሱንም እናስተካክለው።»

በመዳፋችን ተረከዝ በኩል፣ ወደ ትንሿ ጣት በሚጠጋው ጎን፣ ነርቭ ያልፋል። ክብደት ሲያርፍበት መጀመሪያ የሚደነዝዙት እነዚያ ሁለት ጣቶች ናቸው። መሪው 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲልና መያዣው መዳፍ በሚደግፍ ሰፊ ዓይነት ሲቀየር የኔ ድንዛዜ ከግማሽ በላይ ጠፋ። የተረፈው ግን አልለቀቀኝም፤ ምክንያቱም ቴላዮው (የሳይክሉ ዋና አካል) ራሱ ለኔ ቁመት ረጅም ነበር። ቴላዮ ደግሞ አይስተካከልም። ያንን ሳይክል የሸጥኩት በዚህ ነው። ስትገዙ መሪው ከፍና ዝቅ፣ ቀረብና ራቅ ማለት የሚችል መሆኑን ጠይቁ።

የኮርቻው ቁመት ላይም ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቆሞ መሬት በሙሉ እግሩ መርገጥ ስለሚፈልግ ያወርደዋል፤ ከዚያ ጉልበቱን ያመዋል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዛችሁን አድርጉበት። እግራችሁ ቀጥ ካለ ቁመቱ ልክ ነው። በእግራችሁ ፊተኛ ክፍል ስትነዱ ጉልበታችሁ ትንሽ እጥፍ ብሎ ይቀራል።

ጎማ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስፈልገውን ነገር ይገዛል። ርካሽ አሞርዛተር ያለው የፊት ጎማ ሹካ ይከብዳል፤ ትንንሹን ንዝረት ደግሞ እምብዛም አያስቀርም። ወፍራም ጎማ ግን ያስቀራል። የበፊቱ ጎማዬ 35 ሚሊ ሜትር ነበር፣ የአሁኑ 50 ነው። እኔ 82 ኪሎ ነኝ። የኋላውን 2.8 ባር፣ የፊቱን 2.4 ባር እነፋዋለሁ። አንድ ጊዜ በስህተት ሁለቱንም 4 ባር ነፍቼ ወጣሁ። የዘወትር መንገዴ ነው፣ ሳይክሉም ያው ነው፤ ግን እያንዳንዱ ጠጠር ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። ከፓምፕ ጋር የግፊት መለኪያ ግዙ። በአውራ ጣት ተጭኖ መገመት አይሆንም።

አሁን ወደ ሞተሩ። ሞተር ሞዞው (የጎማው እምብርት) ውስጥ ወይም ፔዳሉ መሃል ይገጠማል። ሞዞ ላይ ያለው ቀለል ያለ ነው፤ ካቴናውንም አይጎዳም። ፔዳሉ መሃል ያለው በማርሽ ስለሚሠራ ዳገት ላይ ይበልጣል፤ ካቴናውን ግን ቶሎ ይጨርሳል። ለምቾት ግን ከሁለቱም የሚበልጠው ሴንሰሩ፣ ማለትም ሞተሩ መቼ እንደሚያግዝ የሚነግረው መሣሪያ፣ ነው። አንዳንዱ ሴንሰር ፔዳሉ መዞር አለመዞሩን ብቻ ነው የሚያየው። ሁለተኛው ሳይክሌ እንዲህ ነበር። ዳገት ላይ ቀይ መብራት ይይዘኛል። አረንጓዴ ሲበራ ፔዳሉን እረግጣለሁ፣ ሞተሩ ዝም። 24 ኪሎ ብረት በእግሬ ብቻ እየገፋሁ ግማሽ ዙር እሄዳለሁ። ከዚያ በድንገት ይወረውረኛል። ጠባብ ቦታ ስዞርም እንዲሁ፤ ሳልፈልገው ይገፋኛል። ሥራ ስደርስ ትከሻዬ ተወጥሮ ነው።

ሌላው ዓይነት እግር ፔዳሉ ላይ የሚያሳርፈውን ጉልበት ይለካል። ትንሽ ስረግጥ ትንሽ ያግዛል፣ ጠንክሬ ስረግጥ ይጠነክራል። አዲስ ነገርም አይደለም። ያማሃ በ1993 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያወጣው ሳይክል የእግርን ጉልበት እየለካ ነበር የሚያግዘው። ለኔ ገንዘብ የሚጨመርበት ቦታ ይሄ ነው። ከትልቅ ዋት ይልቅ እግሬን የሚሰማ ሞተር እመርጣለሁ። አውሮፓ ውስጥ እንደ ተራ ሳይክል የሚቆጠረው ሞተሩ እስከ 250 ዋት የሆነው ሲሆን ከ25 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ አያግዝም። ለሥራ መንገድ ይሄ በደንብ ይበቃል።

ባትሪ ላይ «እስከ 120 ኪሎ ሜትር» የሚለውን ጽሑፍ አትመኑ። እሱ ለቀላል ሰው፣ በሜዳ፣ በትንሹ እገዛ ነው። አቅሙን ለማወቅ ቮልቱን በአምፒር ሰዓቱ አባዙት። የኔ 36 ቮልት፣ 17.5 አምፒር ሰዓት ነው፤ 630 ዋት ሰዓት ይሆናል። በመንገዴ በኪሎ ሜትር 9 ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ስለዚህ 70 ኪሎ ሜትር ይወስደኛል። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ 13 ይገባል፤ ያኔ 50 እንኳ አይሞላም። ብርድም ይቀንሰዋል። ለሥራ የሚሆን ባትሪ ተነቃይ ይሁን፤ ሳይክሉን ታች ቆልፋችሁ ባትሪውን ብቻ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ቻርጀሩ ደግሞ ከራሱ ጋር የመጣው ብቻ ይሁን። በዚህ ቀልድ የለም፣ እሳት ያስነሣል።

ፓራፋንጎ፣ የዕቃ መጫኛ፣ መብራት፣ የሃይድሮሊክ ዲስክ ፍሬን፤ እነዚህ አብረው ከመጡ ጥሩ ነው። መጫኛው ላይ ቦርሳ የምትጭኑ ከሆነ ቴላዮው መሃሉ ዝቅ ያለ ቢሆን ይመረጣል። እግር አንሥቶ በቦርሳ ላይ ማሳለፍ ጠዋት ጠዋት ያሰለቻል።

ከመክፈላችሁ በፊት ግን ለአንድ ሰዓት እንዲያስነዷችሁ ጠይቁ። እምቢ ካሉ በኪራይ ተመሳሳዩን ፈልጉ። የአሁኑን ሳይክሌን ከመግዛቴ በፊት ግማሽ ቀን ተከራይቼው ነበር። ዳገት ላይ ቆሜ ተነሣሁ፤ ሞተሩን አጥፍቼ ነዳሁ፤ ደረጃ ላይ ተሸከምኩት። እጄንም አንሥቼ አየሁ፤ አልተደፋሁም።

ባለፈው ቅዳሜ 68 ኪሎ ሜትር ነዳሁ። 40 ደቂቃ ሲያልፍ እንደ ልማዴ ትንሿን ጣቴን አንቀሳቀስኳት። ደህና ነበረች።